ጥልፍ፣ ዳንቴልና ስፌት ሲሠሩ አንገትና ወገብን ከሕመም እንዴት መጠበቅ ይቻላል

ጨርቁ ጭን ላይ ነው፤ ዓይን ደግሞ ከጭን ከግማሽ ሜትር በላይ ይርቃል። ብዙ ሰው ይህን ርቀት የሚያሳጥረው አንገቱን ደፍቶ፣ ጀርባውን አጉብጦ ነው። የአዋቂ ሰው ጭንቅላት ከ4.5 እስከ 5.5 ኪሎ ይመዝናል። ቀጥ ሲል ሸክሙን በአብዛኛው አጥንት ይይዘዋል፤ ባዘነበለ ቁጥር ግን ወደ ማጅራት ጡንቻ ይዞራል። 60 ዲግሪ ያህል ሲደፋ አንገት ላይ የሚያርፈው ጫና እስከ 27 ኪሎ እንደሚደርስ በስሌት ተገምቷል። ጡንቻ ሳይላላ ለረጅም ጊዜ ሲወጠር ደግሞ የሚያገኘው ደም ይቀንሳል፤ ማታ ማጅራትና ትከሻ የሚደነድነው ለዚህ ነው። መፍትሔው ሥራውን ወደ ዓይን ከፍ ማድረግ ነው፤ የሚከተሉት እርምጃዎችም በዚሁ ዙሪያ ናቸው።

1. መጀመሪያ ምክንያቱን ይለዩ

ሥራ ከጀመሩ ከግማሽ ሰዓት በኋላ፣ ሳያስቡት፣ ከልጆቹ አንዱ በስልክ ከጎን ፎቶ ያንሳዎት። ጆሮ ከትከሻ ትይዩ መሆን አለበት፤ ቀድሞ ከወጣ አንገት እየሠራ ነው። ቀጥሎ ጨርቁን ከፊትዎ 40 ሴንቲ ሜትር አርቀው ይያዙት። ስፌቱ ጥርት ብሎ ከታየዎት ችግሩ መቀመጫው ነው። ካልታየዎት ግን ጥፋቱ የብርሃን ወይም የመነጽር ስለሆነ ወንበር ቢቀይሩም አይለወጥም።

2. መቀመጫውን ያስተካክሉ

ዱካ ለቡና ማፍያ ቢመችም ለጥልፍ አይሆንም። ጉልበት ከዳሌ በላይ ስለሚወጣ ዳሌ ወደ ኋላ ይንከባለላል፤ ወገብም ይጎብጣል። ከ40 እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ያለው ወንበር ላይ፣ ዳሌ ከጉልበት በትንሹ ከፍ ብሎ፣ እግር ሙሉ በሙሉ መሬት ረግጦ ይቀመጡ። እግርዎ ካልደረሰ ጡብ ወይም የታጠፈ ምንጣፍ ከሥሩ ያድርጉ።

ፎጣ ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት እንዲኖረው ጠቅልለው ከመቀነት መታጠቂያው ቦታ ላይ በጀርባዎ በኩል ያስገቡት። ሶፋ ላይ ይህ ብቻውን አይበቃም፤ መቀመጫው ጥልቅ ስለሆነ ጀርባ ከመደገፊያው ሳይደርስ ይቀራል። ጠንካራ ትራስ ከኋላ ሞልተው ወደ ፊት ቀረብ ይበሉ።

ደሴ ውስጥ ብዙ ቤት ፍራሹ መሬት ላይ በግድግዳ ዙሪያ ይነጠፋል። ይህ መጥፎ አይደለም፤ ግድግዳው መደገፊያ ይሆናል። ብቻ ከዳሌ ሥር ብርድ ልብስ አጥፈው ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበሉ፤ በየ20 ደቂቃው የእግር አስተጣጠፍ ይቀይሩ። ሙዳይ ወይም መሶብ የሚሰፉ ሰዎች እግራቸውን ቀጥ አድርገው ዘርግተው የመቀመጥ ልማድ አላቸው። በተዘረጋ እግር የጭን የኋላ ጅማት ዳሌን ስለሚጎትት ወገብ ቀጥ ማለት አይችልም። ከጉልበት ሥር ትራስ ሲገባ ወዲያው ይቀላል።

3. ሥራውን ከፍ ያድርጉ

ይህን አንዱን እርምጃ ብቻ የወሰደ ሰው እንኳ ለውጡን ያየዋል። ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ጠንካራ ትራስ ጭንዎ ላይ አድርገው ሁለቱንም ክንድ ከክርን ጀምሮ አሳርፉበት። ሥራው ከዓይን ከ35 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር ርቆ፣ ከደረት በታች መሆን አለበት። ከዚያ በላይ ከፍ ካደረጉት ደግሞ ትከሻ ወደ ጆሮ ይሰቀላል፤ የአንገቱን ሕመም ወደ ትከሻ ማዛወር ነው። ለስላሳ ትራስ ክንድ ሲጫነው ስለሚሰምጥ አይረዳም።

ለጥልፍ ጨርቁን የሚወጥረውን ክብ እንጨት ቀኑን ሙሉ በጣት ቆንጥጦ መያዝ አያስፈልግም። አንዱን ጠርዝ ጠረጴዛ ላይ፣ ሌላውን ትራሱ ላይ ያስደግፉት። ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ይሻላል፤ ከዚያ ከሰፋ መሀሉን ለመድረስ ክንድ መዘርጋት ግድ ይሆናል። ሙሉ ቀሚስ ወይም የአልጋ ልብስ ከሆነ የቀረው ጨርቅ ወደ መሬት ተንጠልጥሎ እጅዎን እንዳይጎትት አጠገብዎ ባለ ወንበር ላይ ይከምሩት።

ክር ሲቆርጡ ከአንድ ክንድ፣ ማለትም ከክርን እስከ ጣት ጫፍ፣ አያስበልጡ። ክር ማስገባት የሰለቸው ሰው ሁለት ክንድ ይቆርጥና በእያንዳንዱ ስፌት እጁን ከትከሻው በላይ ሲወረውር ይውላል። ክሩም ይቋጠራል፤ ቋጠሮ ሲፈታ ደግሞ እንደገና አንገት ይደፋል። ለዳንቴል ቀጭን ኪሮሽ አጥብቆ መያዝ ከጣት እስከ ክርን ያሳምማል፤ መያዣው ላይ ጨርቅ ጠምጥመው ያወፍሩት።

4. ብርሃንና መነጽር

በቀኝ እጅ የሚሰፋ ሰው መስኮቱ በግራው ይሁን፤ ግራኝ በተቃራኒው። በሐምሌና በነሐሴ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ሲወርድ ደሴ ቤት ውስጥ ገና በ10 ሰዓት ይጨልማል። መብራቱ ኮርኒስ ላይ ብቻ ከሆነ የራስዎ ጥላ ጨርቁ ላይ ያርፋል፤ ስለዚህ በትከሻ በኩል ወደ ሥራው የሚያበራ ትንሽ መብራት ያድርጉ። ጥቁር ጨርቅ ላይ በጥቁር ክር መሥራት ለቀን ይቆይ።

ዕድሜ ከ40 ሲያልፍ ዓይን በቅርብ የማየት አቅሙ ይቀንሳል። የማንበቢያ መነጽር ሲገዙ ሥራዎን ይዘው ሄደው በ40 ሴንቲ ሜትር ላይ ይሞክሩት። ኃይሉ ከሚገባው በላይ ከሆነ ጥርት ብሎ የሚታየው በጣም ሲቀርብ ብቻ ስለሚሆን መነጽሩ ራሱ አንገት ያስደፋል።

ደሴ ብርዱ ትከሻን ስለሚያስቋጥር ጀርባን መሸፈን ጥሩ ነው፤ ጋቢን ክንድ ላይ ጠቅልሎ መሥራት ግን ትከሻን ያደክማል። ኮምቦልቻ ስለሚሞቅ ውጭ ጥላ ሥር መሥራት ይቻላል፤ ብርሃኑም ከመብራት ይበልጣል።

5. ሳያምዎት ይነሱ

ሕመም እስኪመጣ መጠበቅ መዘግየት ነው። ክር ባለቀ ቁጥር መርፌውን አስቀምጠው ትከሻዎን ያውርዱና በመስኮት ሩቅ ይመልከቱ። በ25 ደቂቃ አንዴ ቆመው ሁለት ደቂቃ ይንቀሳቀሱ። ሰዓት ማየት ለረሳ ሰው ቡና ይረዳዋል፤ በአቦልና በቶና፣ በቶናና በበረካ መካከል ሥራው ከእጅ ይውረድ። ኮምቦልቻ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ በማሽን ስትሰፋ የዋለች ሴት ደግሞ ማታ ዳንቴል ከማንሳቷ በፊት ቢያንስ ግማሽ ሰዓት በእግሯ ትንቀሳቀስ፤ ያው ጡንቻ ነው የሚደክመው።

ሲነሱ እነዚህን ይሥሩ፦

አገጭን ሳያነሱና ሳይደፉ ራስን ቀጥ አድርገው ወደ ኋላ ይሳቡ፤ 5 ሰከንድ ይያዙ፣ 8 ጊዜ ይደጋግሙ።

የጀርባ ትከሻ አጥንቶችን ወደ መሀል ያቀራርቡ፤ 5 ሰከንድ፣ 10 ጊዜ።

ጆሮን ወደ ትከሻ ያዘንብሉ፤ በእያንዳንዱ ጎን 20 ሰከንድ። በእጅ አይጎትቱት።

እጅ ወገብ ላይ አድርገው በቀስታ ወደ ኋላ ይለጠጡ፤ 5 ጊዜ።

አንገትን ክብ ማዞርና ማንቋቋት ይቅር።

6. ካመመ በኋላ

በሙቅ ውሃ የተነከረ፣ ቆዳ የማያቃጥል ፎጣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ማጅራት ላይ ማድረግ ያላላል። አልጋ ላይ መዋል ግን ያደነድናል፤ ቀለል ያለ እንቅስቃሴ ይሻላል። ዳይክሎፌናክ የተባለውን የሕመም ማስታገሻ ከፋርማሲ እየገዙ በየቀኑ መዋጥ ጨጓራንና ኩላሊትን ስለሚጎዳ፣ የደም ግፊት ያለበት ሰው በተለይ ባለሙያ ሳይጠይቅ አይጀምር። ወጌሻ ወገብዎን ቢያሽ ችግር የለውም ቢባል እንኳ አንገትዎን በድንገት እንዲጠመዝዝ አይፍቀዱ።

እጅ ከደነዘዘ ወይም ዕቃ ከእጅ እየወደቀ ካስቸገረ፣ ሕመሙ ከመውደቅ በኋላ ወይም ከትኩሳት ጋር ከመጣ፣ ከእንቅልፍ ከቀሰቀሰ፣ ሽንት መቆጣጠር ካቃተ ሳይውሉ ሳያድሩ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ወደ ደረት፣ መንጋጋ ወይም ግራ ክንድ የሚዘልቅ ሕመም የልብ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ነው።

ሲሻልዎት በወፍራም ክር በሚሠራ ሥራ በ15 ደቂቃ ይጀምሩ። በማግስቱ ጠዋት ካልተሰማዎት በየቀኑ 5 ደቂቃ ይጨምሩ፤ ከተሰማዎት ወደ ቀድሞው መጠን ይመለሱ።