ደሴና ኮምቦልቻ ዳር ቤት ሲታሰብ፦ በአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ደሴ ቦታ ጠቧታል። በምዕራብ ጦሳ፣ በምሥራቅ አዝዋ ገደል ይዘዋታል፤ መሀሉ ሞልቷል። ስለዚህ አዲስ ሰፈር የሚታሰበው ወጣ ብሎ ነው፤ ወደ ቦሩ ሜዳ፣ ወደ ገራዶ፣ ወደ ጢጣ፣ ከሐረጎ ቁልቁለት ማዶ ደግሞ ወደ ኮምቦልቻ። ቤት አያስፈልግም የምል ሰው አይደለሁም። ልጆች ወልዶ በሰው ግቢ በአንዲት ክፍል የሚኖር ወገን የራሱ ቤት ሲገባ ማየት ደስ ይለኛል። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፦ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ፣ ማለትም ፕሮጀክቱ በአካባቢውና በሰው ላይ ምን ጉዳት እንደሚያመጣ አስቀድሞ የሚመዝነው ጥናት፣ መሠራት ያለበት ካርታውን ለመቀየር ጊዜ እያለ ነው። ሽንሻኖው አልቆ፣ ዕጣ ወጥቶ፣ ዶዘር ከገባ በኋላ የሚመጣ ጥናት ማንንም አያድንም።

ደጋግሜ የማያቸውን ስህተቶች አንድ በአንድ ልንገራችሁ። አልሚ ብትሆኑ፣ የቤት ማኅበር አባል ብትሆኑ፣ ወይም ከቦታው ታች የምትኖሩ ገበሬ ብትሆኑ ነገሩ ይመለከታችኋል።

ጥናቱን መጨረሻ ላይ ማሠራት

ሕጉ ግልጽ ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299፣ ግምገማ የሚያስፈልገው ፕሮጀክት የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱን ይሁንታ ሳያገኝ ሥራ እንዳይጀምር ይከለክላል። ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤትም ፈቃዱን ከመስጠቱ በፊት ይሁንታው መኖሩን ማረጋገጥ አለበት። ያለ ይሁንታ መጀመር ወይም በጥናቱ ውስጥ ሐሰት ማቅረብ ከ50,000 እስከ 100,000 ብር ያስቀጣል። በዛሬ የግንባታ ዋጋ ይህ ቅጣት ብዙ ሰው እንደማያስፈራ አውቃለሁ። ከቅጣቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን መንገዱ ከተቆረጠና ሰው ገንዘቡን ከከፈለ በኋላ «እዚህ ቦታ ላይ ምንጭ አለ፣ ይህ ብሎክ መነሳት አለበት» ቢባል የሚሰማ አለመኖሩ ነው። ባለሙያውም ይህን ስለሚያውቅ ምንጩን በአንድ መስመር ጠቅሶ ያልፈዋል።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። ንድፉ ገና ረቂቅ እያለ የከተማው የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ሂዱ። ሙሉ ጥናት ያስፈልገዋል? ከፊል ጥናት ይበቃዋል? ወይስ ምንም አያስፈልገውም? መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። «በቃል ነግረውን ነበር» የሚል ነገር በኋላ አይሠራም።

ፕሮጀክቱን ቆራርሶ ማቅረብ

ይሄኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ትልቁን ጉዳት የሚያመጣው እሱ ነው።

በየከተማችን ብዙ ቤት የሚሠራው በማኅበር ነው። አንድ ማኅበር ብቻውን ሲታይ ትንሽ ነው፣ እነዚህ ጥቂት ቤቶች ማንን ይጎዳሉ ይባላል። አጠገቡ ሁለተኛው ይመጣል፣ ከዚያ ሦስተኛው፣ ከዚያ ደግሞ አንድ ሪል እስቴት፤ ሁሉም ለየብቻቸው «ተጽዕኖው አነስተኛ ነው» ይባልላቸውና ከጥቂት ዓመት በኋላ አንድ ሙሉ ሰፈር ቆሞ ይገኛል። የጋራ የጎርፍ ቦይ የለው፣ የፍሳሽ መስመር የለው፣ ቆሻሻ የሚነሳበት ቦታ የለው። አንዱ ማኅበር ቦዩን የሌላው በር ላይ ይጥለዋል። ሌላውም ወደ ገበሬው ማሳ ያዞረዋል።

አዋጁ ይህን አይፈቅድም። የአንድ ፕሮጀክት ተጽዕኖ የሚመዘነው በመጠኑና በሚሠራበት ቦታ ብቻ ሳይሆን ከሌሎች ጋር ተደምሮ በሚያመጣው ጉዳት ጭምር ነው ይላል።

በቁጥር እንየው። በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 1 ሊትር ውሃ ነው። አሥር ሄክታር በጣሪያ፣ በኮብልስቶንና በአስፋልት ቢሸፈን፣ በአንድ ብርቱ የነሐሴ ዝናብ 40 ሚሊ ሜትር ቢወርድበት፣ 4,000,000 ሊትር ይሆናል። የ10,000 ሊትሩ ትልቅ ሮቶ 400 ጊዜ ሞልቶ እንደተደፋ አስቡት። ያ መሬት ማሳና ግጦሽ እያለ ከዚህ ውሃ ብዙውን አፈሩ ይጠጣው ነበር፤ የቀረውም ቀስ ብሎ ነበር የሚወርደው። አሁን ግን በአንድ ጊዜ ቁልቁል ይመጣል። ጥናታችሁ ውስጥ ይህ ስሌት ከሌለ አማካሪውን መልሳችሁ ጠይቁት፦ ውሃው በየት ያልፋል? መጨረሻው የት ነው? ከታች ያለው ድልድይ ይችለዋል ወይ?

በጥር አይቶ መፍረድ

ባለሙያው በበጋ ይመጣል። መሬቱ ደርቋል፣ ወንዙ ቀጥኗል፣ ፎቶው ያምራል። «ቦታው ለጎርፍ አይጋለጥም» ተብሎ ይጻፋል። ወሎ ግን ሁለት ዝናብ ያለው አገር ነው፤ በልግ አለ፣ ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ዋናው ክረምት አለ። ቦርከና በጥርና በነሐሴ አንድ ወንዝ አይመስልም።

የግድ ክረምትን መጠበቅ ባይቻል እንኳ መሬቱ ራሱ ይናገራል። እሾህ አጥሩን ጎንበስ ብላችሁ እዩት። ደረቅ ገለባና ላስቲክ በአንድ ቁመት ላይ ተሰክቶ ከሆነ ውሃው ባለፈው ክረምት የደረሰው እስከዚያ ነው። በሜትር ለኩት፣ ፎቶ አንሱት፣ ጥናቱ ውስጥ ይግባ። በበጋ ቀጠማ ለምልሞ ካያችሁ ከሥሩ ውሃ አለ። ከዚያ አንድ የሠፈሩን ሽማግሌ ጠይቁ፤ «አባባ፣ ነሐሴ ላይ ውሃው እስከየት ይመጣል?» በሏቸው። በምርኩዛቸው ያሳዩአችኋል፤ የትኛው ዓመት በሬ እንደወሰደም ይነግሯችኋል። እኔ ይህን ምስክርነት ከሩቅ ጣቢያ ከመጣ የዝናብ ሠንጠረዥ እኩል አከብረዋለሁ። ሁለቱም አንድ ላይ ሲሆኑ ነው ጥናት የሚሆነው።

ዳገቱን እንደ ሜዳ ማየት

ደሴና ዙሪያዋ መሬት የሚንሸራተትበት አገር ነው። ተመራማሪዎች ለዓመታት ያጠኑት ጉዳይ ነው፣ አዲስ ነገር አይደለም። ዳገቱ ላይ ያለው ልል አፈርና ድንጋይ በክረምት ውሃ ሲጠግብ ይከብዳል፣ መያዣውም ይላላል። እኛ ደግሞ ከሥሩ ቆርጠን መንገድ እናወጣለን፣ ከላዩ ቤት እንጭናለን፣ የሽንት ቤት ውሃም እናሰርግበታለን። በሦስት በኩል አንድን ዳገት ማዳከም ነው ይሄ።

ምልክቶቹን ማወቅ አያስቸግርም። ግንዱ ከሥሩ ጎብጦ ወደ ላይ የቀና ባህር ዛፍ፣ ሆዱን የገፋ ካብ፣ የተዘነበለ የመብራት ምሰሶ፣ በሣሩ ውስጥ አግድም የሄደ ስንጥቅ፣ ከዳገቱ ግርጌ በድንገት የሚፈልቅ ውሃ። ከእነዚህ ሁለት ሦስቱን አንድ ቦታ ካያችሁ የጂኦቴክኒክ ምርመራ፣ ማለትም የአፈሩና የድንጋዩ ጥንካሬ ምርመራ፣ ሳይደረግ እዚያ ላይ ብሎክ አይሣል። ለአረንጓዴ ቦታ ይተው።

መንቀጥቀጡም አይረሳ። በ1953 ዓ.ም. ካራቆሬ ላይ የተነሳው የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፈራርሷል። ከኮምቦልቻ ወደ ደቡብ በመኪና ብዙም የማይርቅ ቦታ ነው፣ ያውም በዚያው የቦርከና ሸለቆ መስመር። «የአደጋ ዝግጁነት» የሚለው ምዕራፍ በእሳት ማጥፊያ ብቻ ከተሞላ ጎዶሎ ነው።

ፍሳሹን «ሴፕቲክ ታንክ ይሠራል» ብሎ ማለፍ

አምስት መቶ ቤት፣ በየቤቱ አምስት ሰው፣ በሰው በቀን 80 ሊትር ውሃ ብለን እንያዝ። በቀን 200,000 ሊትር ይሆናል። መጀመሪያ ይህ ውሃ ከየት ይመጣል? ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ «ከከተማው መስመር ይቀጠላል» የሚል ዓረፍተ ነገር መልስ አይደለም። የውሃ አገልግሎቱ አቅም እንዳለው የጻፈው ደብዳቤ ይያያዝ። ጉድጓድ የሚቆፈር ከሆነም በአቅራቢያው ያለው የገበሬው ምንጭ ምን እንደሚሆን ይጠና።

ከዚያ አብዛኛው ውሃ ፍሳሽ ሆኖ ይወጣል። ሜዳው ላይ ያለው ጥቁር መረሬ ነው፤ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ውሃ አያሰርግም። እዚያ የተቆፈረ የማስረጊያ ጉድጓድ ቶሎ ሞልቶ በግቢው ይፈስሳል። ሙከራው ቀላል ነው፤ ጉድጓድ ቆፍሩ፣ አፈሩን በደንብ አርኩት፣ ከዚያ ውሃ ሙሉበትና በየ30 ደቂቃው ስንት ሴንቲ ሜትር እንደወረደ ለኩ። ከሰዓታት በኋላም ካልወረደ የጋራ መስመርና ማጣሪያ ማሰብ ግድ ነው። ወጪው ከመጀመሪያው ይታወቅ፣ ቤቱን የሚገዛውም ሰው ይወቀው።

የሌላ ከተማ ጥናት መገልበጥ

ኮፒ ፔስት ወዲያው ይታወቃል። የወንዙ ስም አይገጥምም፣ የአየር ንብረቱ የቆላ ነው፣ የተጠቀሱት ዛፎች እዚህ አይበቅሉም። ደሴና ኮምቦልቻ እንኳ በመንገድ ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ተራርቀው በከፍታ 600 ሜትር ያህል ይለያያሉ። ሰነዱን ስትረከቡ ገጽ በገጽ አንብቡት። ስሙን የማታውቁት ቦታ ካገኛችሁ ክፍያውን አቁሙና መልሱለት።

የፊርማ ወረቀትን እንደ ስምምነት መቁጠር

አዋጁ ጥናቱ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆንና አስተያየት እንዲሰበሰብበት ያዛል። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 92 ፕሮጀክቱ በቀጥታ የሚነካው ሕዝብ የመመካከርና ሐሳቡን የመግለጽ መብት አለው ይላል። በተግባር የሚሆነው ግን ሌላ ነው። ስብሰባው በድንገት ይጠራል፣ ሰው የመገኘት ፊርማ ይፈርማል፣ ያው ወረቀት ሰነዱ ላይ ተያይዞ «ማኅበረሰቡ ተስማምቷል» ይባላል። መገኘትና መስማማት አንድ አይደሉም። ቃለ ጉባኤው ላይ ማን ምን እንደጠየቀ፣ ምን መልስ እንደተሰጠው፣ ንድፉ ላይ ምን እንደተቀየረ ይጻፍ።

ሰውን በገበያ ቀን አትጥሩት። ቅሬው (ዕድሩ) የሚሰበሰብበትን ቀን እወቁ፣ ከጁምዓና ከቅዳሴ መልስ ያለውን ሰዓት ተጠቀሙ። ለሴቶች ለብቻቸው ጊዜ ይሰጣቸው፤ ምንጩ በየትኛው ወር እንደሚጎድል የሚያውቁት ውሃ የሚቀዱት ናቸው። መቃብሩን፣ ሰው ተሰብስቦ ዱዓ የሚያደርግበትን የወደጃ ዛፍ፣ ከብት የሚወርድበትን መንገድም ጠይቁ። እነዚህ የሳተላይት ካርታ ላይ አይታዩም።

«ካሳ ተከፍሏል» ብሎ መዝጋት

ካሳ የሚከፈለው መሬቱን ለለቀቀው ነው። ከታች ላለው፣ ጎርፉና ፍሳሹ ለሚደርሰው፣ ማንም አይከፍልም። ከደሴ የወረደው ውሃ ኮምቦልቻን አልፎ እስከ ጨፋ ረግረግ ይሄዳል፤ እዚያ በበጋ ከብቱን የሚያሰማራ ብዙ አርብቶ አደር አለ። የጥናቱ ወሰን የቦታው አጥር ላይ ከቆመ እነዚህ ሰዎች አልታሰቡም ማለት ነው።

ይሁንታው ከተገኘ በኋላ ፋይሉን መዝጋት

ይሁንታ ብዙ ጊዜ ከቅድመ ሁኔታ ጋር ነው የሚሰጠው። ቦዩ ከቤቱ በፊት ይሠራ፣ የተቆረጠው አፈር ወንዝ ዳር አይደፋ፣ ይህን ያህል ዛፍ ይተከል ይባላል። ይህ ሁሉ በሥራ ዝርዝሩ ውስጥ ዋጋ ካልወጣለት ተቋራጩ አይሠራውም፣ ሊፈረድበትም አይችልም። እያንዳንዱ ቅድመ ሁኔታ ዋጋ፣ ጊዜና ኃላፊ ይኑረው። በተለይ አፈሩን አጥብቃችሁ ያዙ። ጭነት መኪናው ማታ ማታ የት እንደሚደፋ ካልታየ ቦዩ በመጀመሪያው ክረምት ይደፈናል። ይሁንታ ማግኘትም አልሚውን ለሚያደርሰው ጉዳት ከተጠያቂነት አያድነውም፤ ይህን አዋጁ ራሱ ይላል።

በቃል ብቻ ማማረር

ቡና ላይ ብዙ ይባላል፣ ጽሕፈት ቤት ግን የሚደርስ የለም። በአዋጁ መሠረት በውሳኔው ወይም በክትትሉ ቅር የተሰኘ ማንኛውም ሰው ለክልሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ኃላፊ ቅሬታ ማቅረብ ይችላል። ውሳኔውም ቅሬታው በደረሰ በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት። ጥናቱ ላይ ያላችሁን አስተያየት ግን ከውሳኔ በፊት ቀድማችሁ አስገቡ፤ መሥሪያ ቤቱ ጥናቱን ገምግሞ የሚወስንበት ጊዜ 15 የሥራ ቀን ብቻ ነው። ሁለት ገጽ ይበቃል፦ ቦታው የት እንደሆነ፣ ጥናቱ በየትኛው ገጽ ምን እንደሚል፣ በመሬት ላይ ያለው ምን እንደሆነ፣ ምን እንዲደረግ እንደምትፈልጉ። የአጥሩን ፎቶ ከነቀኑ አያይዙ። በሁለት ኮፒ አድርጋችሁ መዝገብ ቤት ግቡ፣ አንዱ ላይ ቁጥርና ማኅተም አስደርጋችሁ ለራሳችሁ ያዙ፣ የቅሬው ጸሐፊም አንድ ኮፒ ያስቀምጥ።