አጭርና ሰፊ ሰርፍ ቦርድ ስትሠሩ ከፊኑ ጀምሩ

ባለፈው ሐምሌ የእህቴ ልጅ ጋራዤ ውስጥ እርሳስ ይዞ ቆሟል። ከፊቱ ገና ያልተነካ ነጭ ፎም ተጋድሟል።

«ጋሼ፣ ፊኑን መጨረሻ ላይ እንገጥመዋለን አይደል?» አለኝ።

«የለም። እርሳሱ መጀመሪያ የሚያርፈው ፊኑ የሚቆምበት ቦታ ላይ ነው» አልኩት።

ገረመው። እኔም ይህን የተማርኩት ሁለት ቦርድ ካበላሸሁ በኋላ ነው። ዛሬ የምጽፈውም ሌላ ሰው በዚያ መንገድ እንዳይሄድ ብዬ ነው።

የምኖረው ሳን ዲዬጎ፣ ሲቲ ሃይትስ ነው። እንጀራዬ የወጥ ቤት ካቢኔ መግጠም ነው። ያደግኩት ባሕር ዳር፣ አናጢ አባት ቤት። ጣና ላይ የደንገል ታንኳ ሲታሰር ቁጭ ብዬ ስመለከት እውል ነበር። ሰው ውኃ ላይ የሚሄድበትን ነገር በገዛ እጁ ሲሠራ ማየት ያኔ የያዘኝ ፍቅር ነው፤ እስከ ዛሬም አልለቀቀኝም።

ለአዲስ አንባቢ ባጭሩ ልበል። ሰርፍ ቦርድ ማዕበል የሚጋለብበት ሰሌዳ ነው። የምንቆምበትን ጀርባ፣ ውኃውን የሚነካውን ሆድ እላለሁ። ፊን ደግሞ ከሆዱ በኩል፣ ጭራው አጠገብ የሚተከል የዓሣ ክንፍ የመሰለ ነገር ነው። ቦርዱ ወደ ጎን እንዳይንሸራተት ይይዘዋል፤ ሲታጠፍም መደገፊያ ይሆነዋል።

አጭርና ሰፊ ቦርድ ለደካማ ማዕበል ነው። በዚህ አገር በጋ፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ ቱርማሊን ወይም ፓሲፊክ ቢች ብትሄዱ ማዕበሉ ብዙ ጊዜ ከወገብ አይበልጥም፤ ጉልበትም የለውም። ቀጭን ቦርድ እዚያ ይሰምጣል። ሰፊው ግን ውኃው ላይ ቶሎ ተንሳፍፎ መንሸራተት ይጀምራል።

ይህ ዓይነት ቦርድ ደግሞ የዚሁ አገር ልጅ ነው። የካሊፎርኒያው ቦርድ ሠሪ ቦብ ሲመንስ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የፈጣን ጀልባ ሆድ እንዴት ውኃ ላይ እንደሚነሳ አጥንቶ፣ ጭራቸው ሰፊ የሆነ ባለ ሁለት ፊን ቦርዶች ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1954 እዚሁ ሳን ዲዬጎ፣ ዊንዳንሲ ላይ ሰርፍ ሲያደርግ ሕይወቱ አለፈ። እ.ኤ.አ. በ1967 ደግሞ ስቲቭ ሊስ የተባለ የዚህ ከተማ ወጣት፣ በጉልበቱ ተንበርክኮ የሚጋልብበትን አጭር ቦርድ ሠራ። ጭራው እንደ ዓሣ ጭራ ለሁለት የተሰነጠቀ ነበር። «ፊሽ» የምንለው ቦርድ የመጣው ከዚያ ነው።

የሊስን ሐሳብ መረዳት ሥራውን ግማሽ ያህል ያቀላል። ሰፊ ጭራ ፍጥነት ይሰጣል፤ ግን ቦርዱ በጠርዙ ሲጋደም የጭራው ሌላኛው ወገን ከውኃ ይወጣል። መሐል ላይ አንድ ፊን ብቻ ካለ እሱም አብሮ ይነሳል፣ ቦርዱም ይከዳችኋል። ጭራው ለሁለት ሲሰነጠቅ ግን እያንዳንዱ ጎን ለብቻው ቀጭን ጭራ ይሆናል። በየጎኑ፣ ጠርዙ ሥር አንዳንድ ፊን ከተተከለ ወደ የትኛውም ጎን ብትጋደሙ ውኃ ውስጥ የቀረ ፊን አላችሁ። ስለዚህ የጭራው ስፋትና የፊኑ ቦታ አንድ ውሳኔ ነው። አንዱን ቆርጦ ሌላውን በኋላ ማሰብ አይሆንም።

የእኔ ሁለተኛ ቦርድ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። ጭራውን ሰፊ አድርጌ ቆረጥኩና በኋላ ሦስት ፊን ገጠምኩበት፣ በተለመደው የቀጭን ቦርድ ልክ። ቀጥ ብሎ ሲሄድ ደህና ነበር። ላጥፈው ስል ግን እግሬ ሥር እንደ ግንድ ይከብዳል። የመሐሉ ፊን ከጠርዙ ሩቅ ነው፤ ሰፊ ጭራ ደግሞ ለመገልበጥ ኃይል ይፈልጋል። ሁለቱ ተባብረው ቦርዱን ቆልፈውታል።

እንግዲህ ፊን እንምረጥ። እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ።

ኪል የሚባለው ጥንድ ፊን እግሩ፣ ማለትም ቦርዱ ላይ የሚያርፈው ሥሩ፣ ረጅም ነው፤ ቁመቱ አጭር ነው። እኔ የምሠራው እግሩ 9 ኢንች፣ ቁመቱ 5 ኢንች ገደማ ነው። ረጅሙ እግር ቀጥ ብሎ ይገፋል፣ ፍጥነት ይይዛል። ሲታጠፍ ግን ሰፋ አድርጎ ነው፤ በድንገት ዘወር አይልም። ለስላሳና ረጅም ማዕበል ለምትጋልቡ፣ በተለይ ለመጀመሪያ ቦርዳችሁ፣ ምርጫዬ ይኼ ነው።

ቀጥ ብሎ የቆመ ጥንድ ፊን ደግሞ እግሩ አጠር፣ ቁመቱ ረዘም ያለ ነው። አውስትራሊያዊው ማርክ ሪቻርድስ እ.ኤ.አ. ከ1979 እስከ 1982 አከታትሎ አራት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው በባለ ሁለት ፊን ቦርድ ነው። እንዲህ ያለው ፊን ቶሎ ይታጠፋል፣ ይጫወታል። ማዕበሉ እንደ ገደል ቀጥ ሲል ግን ጭራው ሊንሸራተት ይችላል። ያ ካስፈራችሁ መሐል ላይ ትንሽዬ ሦስተኛ ፊን የምትገባበት ቦታ ተዉለት።

ኳድ፣ ማለትም አራት ፊን፣ የጥንዱን ፍጥነት ሳይነጥቅ መያዣ ይጨምራል። ሰንሴት ክሊፍስ ላይ ማዕበሉ ጠንከር ሲል የምወስደው ቦርድ ኳድ ነው። የፊተኞቹን ከጭራው ጫፍ 11 ኢንች፣ የኋለኞቹን 6 ኢንች ላይ አደርጋለሁ። ሌላው አውስትራሊያዊ ሳይመን አንደርሰን እ.ኤ.አ. በ1980 የሠራው ባለ ሦስት እኩል ፊን ዛሬ ብዙው ሰው የሚጋልበው ነው፤ ለቀጭን ጭራ ድንቅ ነው። ለዚህ ቦርድ ግን አልመክረውም።

ለእህቴ ልጅ ኪል መረጥን። 72 ኪሎ ነው፣ መቆም ከቻለ ገና ሁለተኛ ዓመቱ ነው። ልኩ እንዲህ ሆነ። ርዝመቱ 5 ጫማ ከ6 ኢንች፣ በሜትር 1.68 ገደማ። ስፋቱ 22 ኢንች፣ ውፍረቱ 2.5 ኢንች። በሊትር ወደ 34 ይመጣል። ከአፍንጫው 12 ኢንች ገባ ብሎ ስፋቱ 17.5፤ ከጭራውም 12 ኢንች ገባ ብሎ እንዲሁ 17.5። የጭራው ስንጥቅ 5 ኢንች ይገባል። ከበድ ላለ ሰው ርዝመቱን ትቼ ከስፋቱና ከውፍረቱ ላይ ትንሽ ትንሽ እጨምራለሁ።

ስለ ፎሙ አንድ ነገር በደንብ ያዙ። ኢፒኤስ የሚባለው፣ ነጭ ጥራጥሬ የመሰለው ፎም፣ ኢፖክሲ በሚባለው ፈሳሽ ሙጫ ብቻ ነው የሚለበጠው። ሌላውን ሙጫ፣ ፖሊስተር ሬዚን፣ ካፈሰሳችሁበት ዓይናችሁ እያየ ይቀልጣል። ፖሊዩረቴን ፎም ግን ሁለቱንም ይችላል። ኢፒኤስ ከሆነ በኪዩቢክ ጫማ 2 ፓውንድ የሚመዝነውን ግዙ። ለቤት ግድግዳ የሚሸጠው ቀላሉ ፎም በተረከዝ ይሰረጉዳል።

የቦርዱን ግማሽ ቅርጽ በስስ ኮምፔንሳቶ ላይ አውጡ። ግማሹን ብቻ። መሐሉን መስመር ይዛችሁ አንዱን ጎን ስታሰምሩና ገልብጣችሁ ሌላውን ስታሰምሩ ሁለቱ ጎኖች እኩል ይሆናሉ። ከዚያ የፊኖቹን መስመር አስፍሩ። የኪሉ የኋላ ጫፍ ከጭራው ጫፍ 6 ኢንች፣ ከጠርዙ 1 ኢንች ከሩብ። የፊት ጫፉ ከኋላው በ1/8 ኢንች ወደ መሐል ይጠጋል። ይቺ ትንሽ መጠጋት ቦርዱ እንዲታጠፍ ትረዳዋለች፤ ስትበዛ ግን ፊኑ ውኃውን እየገፋ ፍጥነት ይበላል። እዚህ ቆማችሁ በሩቁ እዩት። ፊኖቹ ጠርዙ ሥር ካልተቀመጡ ጭራውን አስተካክሉ፤ መጋዙ ገና አልተነሳም። አባቴ «አሥር ጊዜ ለክተህ አንድ ጊዜ ቁረጥ» የሚለው ለዚህ ነው።

አሁን ማስክ አድርጉ። የፎም ብናኝ ለሳንባ ጥሩ አይደለም፤ ለደቂቃም ቢሆን አትዘናጉ።

ዙሪያውን በመጋዝ ከመስመሩ ትንሽ ወጣ አድርጋችሁ ቁረጡ፣ የቀረውን በብርጭቆ ወረቀት አምጡት። ቀጥሎ ሆዱ ነው። የአፍንጫው መነሳት 4 ኢንች፣ የጭራው 1.5 ይበቃል፤ መሐሉ ዝርግ ይሁን። ይህ ቦርድ ፍጥነቱን የሚያገኘው ከዝርግነቱ ነው። አፍንጫው ሥር ሆዱን እንደ ታንኳ ትንሽ ክብ አደርገዋለሁ፣ ውኃው እንዳይዘው። ወደ ጭራው ሲጠጋ ዝርግ ይሆናል፣ በፊኖቹ መሐል ደግሞ በጣም ትንሽ ይጎደጉዳል።

ጠርዙን በዓይን ብቻ ለማክበብ አትሞክሩ። ጀርባው ላይ ከጠርዙ 1 ኢንችና 2.5 ኢንች ገባ ብላችሁ መስመር አስምሩ፣ ጎኑ ላይም እንዲሁ አንድ። በመላጊያ ከመስመር እስከ መስመር ዝርግ አድርጋችሁ ላጉ። መጀመሪያ ሦስት ማዕዘን ያለው ይመስላል። ከዚያ ማዕዘኖቹን በብርጭቆ ወረቀት ስታዋህዷቸው ራሱ ክብ ሆኖ ይመጣል። ከፊኖቹ ጀምሮ እስከ ጭራው ድረስ ግን የታችኛው ጠርዝ ስለታም ይሁን፤ ውኃው ከቦርዱ ቶሎ እንዲለቅ። ክብ ከሆነ ውኃው ተጠምጥሞ ወደ ኋላ ይጎትታችኋል።

መብራት ከላይ ብቻ አይሁን። በወገባችሁ ከፍታ ግራና ቀኝ ግድግዳው ላይ ረጅም መብራት አድርጉና የጣሪያውን አጥፉ። ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ እያንዳንዱ ጉብታ ጥላ ይጥላል። የእህቴ ልጅ «አለቀ» ብሎ የተወውን ጠርዝ በዚህ መብራት ሲያየው ዝም አለና መላጊያውን መልሶ አነሳ።

የኪል ፊኖቹን የምንሠራው ከባሕር ኮምፔንሳቶ ነው፣ ውኃ ከሚችለው። የውስጥ ፊታቸው ዝርግ፣ የውጭ ፊታቸው ጎበጥ ይላል። የኮምፔንሳቶ ጥቅሙ እዚህ ይታያል። የውጩን ፊት ስትሞርዱት የእንጨቱ ድርብርብ እንደ ተራራ ካርታ መስመር ብቅ ይላል። መስመሮቹ እኩል እየተራራቁ ከሄዱ ጉብጠቱ ትክክል ነው። አንዱ ጋ ከተጨማደዱ ወይም ከተጣመሙ፣ እዚያ ጋ አብዝታችኋል ማለት ነው። ሁለቱን ፊን ጎን ለጎን አድርጋችሁ መስመራቸውን አስተያዩ።

መለበጥ ላይ ጊዜ መምረጥ ያስፈልጋል። ኢፒኤስ ውስጡ አየር አለው። ቀኑ እየሞቀ ሲሄድ አየሩ ያብጥና በእርጥቡ ኢፖክሲ ውስጥ አረፋ እየሆነ ይወጣል። የመጀመሪያውን ቦርዴን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ለብጬ ሆዱ በሙሉ በመርፌ የተወጋ መስሎ ቀረ። አሁን ከሰዓት በኋላ አየሩ መቀዝቀዝ ሲጀምር ነው የምለብጠው፤ ያኔ ፎሙ አየሩን ወደ ውስጥ ይስባል።

ሆዱ ላይ አንድ ድርብ ባለ 6 አውንስ የፋይበርግላስ ጨርቅ፣ ጀርባው ላይ አንድ ባለ 6 እና አንድ ባለ 4። ጓንት አድርጉ። ኢፖክሲውን ጣሳው ላይ በተጻፈው ልክ አዋህዱ፤ በግምት አይሆንም። ካዋሃዳችሁ በኋላ ባልዲ ውስጥ አታቆዩት፤ ተጠራቅሞ ሲቀመጥ ራሱን ያሞቃል፣ ይጨሳልም። ጨርቁ ላይ አፍሱትና ከመሐል ወደ ጠርዝ በጎማ ግፉት። ጨርቁ ነጭ ከሆነ ጠምቷል፣ የሚያብረቀርቅ ኩሬ ካለበት በዝቷል።

ልባጡ ሲደርቅ አንጸባራቂውን ፊት በብርጭቆ ወረቀት አሻክሩትና የኪል ፊኖቹን ባሰመራችሁት ቦታ አቁሙ። ወደ ውጭ 3 ዲግሪ ያህል ጋደል ይበሉ። ሥራቸውን በኢፖክሲ በተነከረ የፋይበርግላስ ገመድ ሙሉ፣ ከዚያ በሁለቱም ወገን ጨርቅ አልብሱ። በመጨረሻ ሙሉ ቦርዱን አንድ ጊዜ ደግማችሁ ኢፖክሲ ቀቡና አለስልሱ። ሳምንት ሳይሞላው ውኃ አታስነኩት።

ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ቱርማሊን ወሰድነው። ማዕበሉ የጉልበት ያህል ነበር። በሦስተኛው ላይ ተነሳ፤ ሌሎች ቦርዶች በሚቆሙበት ጠፍጣፋ ውኃ ላይ ቦርዱ ሳይቆም አለፈ። ሲወጣ ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል።

«ጋሼ፣ ይሄዳል! ግን ሲታጠፍ ትንሽ ይዘገያል» አለኝ።

ልክ ነው። ለዚያ ማዕበልና ለእሱ ክብደት የኪል ፊኖቹ ግማሽ ኢንች ወደ ፊት መምጣት ነበረባቸው። ልኩን ጋራዥ ግድግዳ ላይ ጽፈነዋል። የሚቀጥለው ፎም ሲመጣ እርሳሱ የሚያርፈው ስድስት ኢንች ተኩል ላይ ነው።