ሲሙሌሽኑ እየቆየ ሲንቀረፈፍ፦ የሜሽ ክፍፍል ችግርና መፍትሄ

ሲሙሌሽኑ ሲጀምር ጥሩ ይሄዳል። ከጥቂት መቶ እርምጃ በኋላ ግን ይንቀረፈፋል። ብዙ ሰው ቶሎ ብሎ ተጨማሪ ፕሮሰሰር ይጠይቃል። እሱ ይቆየን። መጀመሪያ እያንዳንዱ ፕሮሰሰር በአንድ እርምጃ ስንት ሰከንድ እንደሠራና ስንት ሰከንድ ቆሞ እንደጠበቀ ለዩ።

አንዱ ይሠራል፣ ሌሎቹ ይጠብቃሉ

አማካዩ 10 ሰከንድ ሆኖ አንዱ 16 ከፈጀበት፣ እርምጃው ለሁሉም 16 ሰከንድ ነው። ምክንያቱ ሜሹ፣ ማለትም ስሌቱ የሚካሄድበትን ቦታ በትንንሽ ሴሎች የሚከፋፍለው መረብ፣ ተቀይሮ ክፍፍሉ (የትኛው ሴል ለየትኛው ፕሮሰሰር እንደተሰጠ) የድሮው መሆኑ ነው። ለምሳሌ የፍንዳታ ሞገድ በደረሰበት ቦታ ሜሹ ይደቃል። በሦስቱም አቅጣጫ ለሁለት የተከፈለ ኩብ ሴል 8 ይሆናል። ጭነቱ ሞገዱ በደረሰበት ፕሮሰሰር ላይ ይቆለላል። ስለዚህ እንደገና አከፋፍሉ። በየእርምጃው ግን አይደለም፤ በመጠበቅ የሚባክነው ጊዜ ለማከፋፈል ከሚያስፈልገው ሲበልጥ ነው።

አከፋፍላችሁም ጭነቱ አልተስተካከለም

የሴሎቹን ክብደት፣ ማለትም እያንዳንዱ ሴል ስንት ሥራ እንዳለበት ለማከፋፈያው የሚነግረውን ቁጥር፣ ተመልከቱ። የሴል ብዛት እኩል ሆነ ማለት ሥራው እኩል ሆነ ማለት አይደለም። ቃጠሎ የሚሰላበት ሴል ባዶ አየር ካለበት ሴል እጅግ ይከብዳል። በተለካው ጊዜ ልክ ክብደት ስጡት። ፓርሜቲስን (ParMETIS፣ ሜሽን ለፕሮሰሰሮች የሚያከፋፍል የሶፍትዌር ላይብረሪ) የምትጠቀሙ ደግሞ ይህችን አትርሱ፦ የክብደት መምረጫው 0 ላይ ከሆነ የሰጣችሁትን ክብደት ጨርሶ አያየውም። የሴል ክብደት እንዲያይ 2፣ በሴሎች መካከል ካለው ግንኙነት ክብደት ጋር ከሆነ 3 አድርጉት። እኔ ይህን እስካገኝ ሁለት ቀን ሙሉ ኮዱን ስፈትሽ ከርሜአለሁ።

ጭነቱ እኩል ሆኖም ጊዜው አልቀነሰም

ጊዜው በዳታ ማጓጓዝ እያለቀ ይሆናል። በየጊዜው ከዜሮ የሚያከፋፍል ዘዴ ብዙውን ሴል ቦታ ያስቀይረዋል። ከነበረው ክፍፍል ተነስቶ የሚያስተካክለውን ተጠቀሙ። ለፓርሜቲስ የፕሮሰሰሮቹ መነጋገሪያ ጊዜ ለዳታው ማጓጓዣ ጊዜ ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ይሰጠዋል። ካላወቃችሁት መመሪያው 1000 ይላል። ማጓጓዙ ከከበዳችሁ ዝቅ አድርጉት፤ ጥቂት ሴል ብቻ ይንቀሳቀሳል። በምትኩ በፕሮሰሰሮች መካከል ያለው ድንበር ትንሽ ይረዝማል።

ከሁሉም የምወደው ግን ቅደም ተከተሉን መቀየር ነው። ሊደቅቁ የታሰቡትን ሴሎች ምልክት አድርጉ፤ ገና አትክፈሏቸው። ለእያንዳንዳቸው የነገዎቹን 8 ልጆች ክብደት ስጡ፣ አከፋፍሉ፣ አጓጉዙ። ከዚያ በደረሱበት ይከፈሉ። 8 ሴል በመጓዝ ፈንታ 1 ብቻ ይጓዛል።