ልጃችሁ እንግሊዝ አገር በአሳዳጊ እጅ ነው? ከሶሻል ወርከሩ ጋር እንዲህ ተነጋገሩ

ከብቸና ወይም ከዳንግላ ወጥቶ፣ ሱዳንን፣ ሊቢያንና ባሕሩን አልፎ እንግሊዝ የሚገባ ልጅ ብዙ ጊዜ ብቻውን ነው። ከ18 ዓመት በታች ከሆነና አብሮት አዋቂ ዘመድ ከሌለ የአካባቢው አስተዳደር ይረከበዋል። ይህን የሚያዘው በ1989 እ.ኤ.አ. የወጣው የሕፃናት ሕጋቸው ነው። ማደሪያ ይሰጡታል፣ ብዙ ጊዜም አሳዳጊ ቤተሰብ ዘንድ ያስቀምጡታል። ሶሻል ወርከርም፣ ማለትም ደኅንነቱን የሚከታተል የአስተዳደሩ ባለሙያ፣ ይመደብለታል።

ከዚያ አንድ ቀን ጎጃም ያለችው እናት ስልክ ይጮኻል። የማታውቀው ሰው በአስተርጓሚ በኩል ስለ ልጇ ይጠይቃታል። ብዙ ቤተሰብ እዚህ ላይ ይደነግጣል፤ ነገር እንዳይመጣ ብሎ ዝም ይላል ወይም "እኔ ምን አውቃለሁ" ይላል። ይህ ልጁን ይጎዳዋል። ባለሙያው በእጁ ያለው አንድ ፎርም ነው። ልጁን የምታውቁት እናንተ ናችሁ።

መጀመሪያ የልጁን ድምፅ ስሙ

የሰው ነጋዴና ደላላም ይደውላል። ስለዚህ ልጁ ራሱ መስመሩ ላይ ሳይገባና "አዎ፣ አውቃቸዋለሁ" ሳይል ምንም አትናገሩ። እውነተኛ ሶሻል ወርከር በዚህ አይቀየምም።

ቀጥሎ ማን ምን እንደሚሠራ ለዩ። ሶሻል ወርከሩ ስለ ጤናው፣ ስለ ትምህርቱና ስለ ማደሪያው ይከታተላል። ጥገኝነት የሚሰጠው ወይም የሚከለክለው የእንግሊዝ የአገር ውስጥ ጉዳይ መሥሪያ ቤት (ሆም ኦፊስ) ነው። ልጁ ጠበቃም ሊኖረው ይገባል። ለምን እንደተሰደደ የሚያሳይ ወረቀት ካላችሁ ፎቶውን ለልጁ ወይም ለጠበቃው ላኩ። ለሌላ ሰው አትስጡ፤ በመንደርም አታውሩ።

የልደት ቀኑን ተዘጋጅታችሁ ጠብቁ

ትልቁ ጣጣ ይህ ነው። በአገራችን የልደት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተወለደ የገጠር ልጅ በጊዜው የወጣ የልደት ወረቀት የለውም። ልጁም "የሚካኤል ዕለት ነው የተወለድኩት" ከማለት ውጭ አያውቅ ይሆናል።

ቁጭ ብላችሁ አስሉት። ክርስትና የተነሣበትን ቀን የክርስትና አባቱ ያስታውሳሉ? ወንድ በ40 ቀኑ፣ ሴት በ80 ቀኗ ክርስትና ይነሣሉና ወደ ኋላ ቁጠሩ። የክትባት ካርዱን ፈልጉ። የ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ሲፈተን የሞላውንም እዩ።

ከዚያ ዘመኑን ቀይሩ። ከመስከረም 1 እስከ ፈረንጆቹ ዓመት መጨረሻ 7፣ ከዚያ ወዲህ 8 ዓመት ይጨመራል። ወሩና ቀኑም ይለወጣል። ለምሳሌ ጥር 12 ቀን 2002 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ በእነሱ አቆጣጠር ጃንዋሪ 20 ቀን 2010 ነው የተወለደው። አስተርጓሚው ተሳስቶ 2002ን እንዳለ ካስተላለፈው ልጁ በአንድ ቃል 8 ዓመት አረጀ ማለት ነው። ሁልጊዜ "በኢትዮጵያ አቆጣጠር" ብላችሁ ጀምሩ።

ዕድሜው ካጠራጠራቸው ሁለት ሶሻል ወርከሮች ልጁን በጥልቀት ያነጋግሩታል። አዋቂ ነው ካሉት ከአሳዳጊው ቤት ይወጣል። እባካችሁ፣ ይጠቅመዋል ብላችሁ አትቀንሱለት። የእናንተና የእሱ ቃል ከተለያየ እውነቱም አይታመንም። ቀኑን በትክክል ካላወቃችሁ ወቅቱን ተናገሩ፦ አጨዳ ነበር፣ ክረምቱ ገብቶ ነበር።

ስሙንም አስረዱ። የእናትና የልጅ "የቤተሰብ ስም" ለምን እንደማይገጥም ለእነሱ ግልጽ አይደለም። ሁለተኛው ስም የአባት፣ ሦስተኛው የአያት መሆኑን መናገር ይበቃል።

"አልተማርኩም" ቢል እንኳ

ይህ የጎጃም ልጆች ነገር ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልናገር። ዋሸራ ወይም ዲማ ጊዮርጊስ የቅኔ ተማሪ የነበረ ልጅ ስንተኛ ክፍል እንደደረሰ ሲጠየቅ "አልተማርኩም" ይላል። ፎርሙ ላይም ያልተማረ ተብሎ ይጻፋል። ይህ ልጅ ግን ፊደል ቆጥሯል፣ ዳዊት ደግሟል፣ በግዕዝ ቅኔ ተቀኝቷል። ከቤቱ ርቆ ጎጆ ቀልሶ፣ ቁራሽ ለምኖ ኖሯል። የትምህርት ዕቅዱን የሚያወጡት መምህራን ይህን ካወቁ ከምን እንደሚጀምሩለት ያውቃሉ። ንገሯቸው። ትምህርት ቤቱ ተዘግቶበት ያቋረጠ ከሆነም ስንት ዓመት እንደሆነ ንገሯቸው።

ጠባዩንም እንዲሁ። ሲያናግሩት ዓይኑን መሬት ላይ የሚተክለው አክብሯቸው እንጂ ዋሽቶ አይደለም። ረቡዕ ጠዋት አሳዳጊዋ ወተትና እንቁላል ስታቀርብለት ሳህኑን ቀስ አድርጎ ወደ ጎን ይገፋና "ጠግቤያለሁ" ይላል፤ ጾም ነው ለማለት አፍሮ። እሷ ታሟል ትላለች። የጾሙን ቀናት ከነአቢይ ጾም 55 ቀናት ጻፉላት፤ ሽሮና ምስር እንደሚበላም ጨምሩበት። ሙስሊም ከሆነ ስለ ሐላል ሥጋና ስለ ረመዳን ንገሯት። በሌሊት የሚባንን ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት ከሆነ ደግሞ ነውር ነው ብላችሁ አትደብቁ፤ ሐኪም ያየዋል።

ስለ ገንዘብ

ጉዳዩ እስኪወሰን ድረስ በአብዛኛው ሥራ መሥራት አይፈቀድለትም። የሚሰጠው የኪስ ገንዘብ ትንሽ ነው። "የጎረቤት ልጅ ቤት ሠራ" እያላችሁ አታስጨንቁት። በዚህ ጭንቀት ከአሳዳጊ ቤት ጠፍተው በሕገወጥ ሥራ የሚያዙ ልጆች አሉ። ለደላላ ዕዳ ካለባችሁና እያስፈራሯችሁ ከሆነ ልጁ ለሶሻል ወርከሩ እንዲናገር አበረታቱት። ዕዳ ያለበት ልጅ በቀላሉ ይበዘበዛልና ባለሙያው ይህን ማወቅ አለበት።

18 ሲሞላው በአንዴ አይጥሉትም። በእጃቸው በቂ ጊዜ ከቆየ እስከ 21፣ ከፈለገም እስከ 25 ዓመቱ የሚያማክረው ሰው ይኖረዋል።

የደወለ ከሌለና ልጁ ከጠፋባችሁ ቅርብ ወዳለው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ቅርንጫፍ ሂዱ። የጠፉ ቤተሰቦችን ያፈላልጋል፤ ክፍያም የለውም።

የስልክ ቀጠሮ ስትይዙ ሰዓቱን ደግማችሁ አረጋግጡ። የእነሱ ጠዋት 10፡00 በክረምታቸው የእኛ ከቀኑ 7 ሰዓት፣ በበጋቸው ደግሞ 6 ሰዓት ነው። ኔትወርክ የሚያስቸግር ቀበሌ ከሆናችሁ ከተማ ያለ ዘመድ ቁጥር ጨምራችሁ ስጡ።