«ርካሽ» የሚለውን ቃል በአግባቡ ለመጠቀም

«ርካሽ» የሚለው ቃል «ረከሰ» ከሚለው ግስ የወጣ ሲሆን፣ ግሱ በአንድ በኩል የዋጋ መቀነስን፣ በሌላ በኩል ደግሞ ክብርንና ንጽሕናን ማጣትን ስለሚያመለክት፣ ቃሉን ከመናገራችን በፊት ስለ ምን እንደምንናገር መለየት ይገባናል። «ርኩስ»ም ከዚሁ ሥር የበቀለ ነው።

ስለ ገበያ ሲሆን አያስቸግርም፤ «ዘንድሮ ሽንኩርት ረክሷል» ወይም «መርካቶ ይረክሳል» ቢባል የሚቀየም የለም። አራት ኪሎ አካባቢ አንዲት እናት ጥጡን በእጃቸው ፈትለው ያሠሩትን ነጠላ፣ ጥለቱን ወደ ብርሃን አዙረው ሲያሳዩን ግን፣ «ርካሽ ነው» ማለት ዋጋውን ለማድነቅ ቢሆን እንኳ ድካማቸውን ማናናቅ መስሎ ሊሰማቸው ይችላል፤ እኔ «ዋጋው ደህና ነው» ወይም «ተመጣጣኝ ነው» የሚለውን እመርጣለሁ። ለማስቀነስም «እናቴ፣ ትንሽ ይቀንሱልኝ» ይበቃል።

ለሰው ሲነገር ስድብ ነው፤ «ርካሽ ሰው» ማለት ክብሩን የጣለ ማለት ነው፤ «ርካሽ ተወዳጅነት»ም ነቀፋ ነው። ተቃራኒው «ውድ» በአንጻሩ፣ ለዕቃ ሲሆን የዋጋን መናር፣ ለሰው ሲሆን ፍቅርን ስለሚገልጽ፣ ደብዳቤ ስንጀምር «ውድ እኅቴ» ብለን እንጽፋለን።