አሮጌ ካምፐር ቫን ላይ የተገጠመ ኤሲ ሲያስቸግር፦ ምልክቱ፣ መንስኤውና መፍትሄው

ከፋብሪካ ሲወጣ ኤሲ ባልነበረው ቫን ላይ የኮንደንሰሩን (ሙቀቱን ወደ ውጭ የሚያስወጣው ራዲያተር መሰል ክፍል)፣ የቱቦውንና የሽቦውን ቦታ የሚወስነው ገጣሚው ነው። ብዙው ችግርም የሚመጣው ከዚያው ነው። «ጋዝ አንሶት ይሆናል» ብለው የግፊት መለኪያ (ጌጅ) ሳያገናኙ ጋዝ አይጨምሩ። የውጭው ሙቀት 30 ዲግሪ ገደማ ሆኖ ሞተሩ በ1500 ዙር ሲሠራ፣ በአር134ኤ ጋዝ የሚሠራ ደህና ሲስተም በዝቅተኛው መስመር 25–40፣ በከፍተኛው 150–250 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) ያሳያል።

ሲነዱ ይበርዳል፣ ሲቆሙ ይሞቃል

ኮንደንሰሩ አየር አጥቷል። ለማረጋገጥ በሚኒሞ እያሠሩ ኮንደንሰሩ ላይ ውሃ ያፍስሱ። ከፍተኛው ግፊት ወዲያው ወርዶ ቅዝቃዜው ከተመለሰ ጋዙን አይንኩት።

መጀመሪያ የማራገቢያውን አቅጣጫ ይዩ። ፕላስና ማይነሱ ተገላብጦ ከተገናኘ መኪናው ሲሄድ ከሚገባው ነፋስ ጋር ይጋፋል። በማራገቢያውና በኮንደንሰሩ መካከል ክፍተት ካለ ደግሞ የሞቀው አየር ዞሮ ይገባል፤ ዙሪያውን በስፖንጅ ወይም በጎማ ይድፈኑ። ሞተራቸው ከኋላ በሆነ ቫኖች ኮንደንሰሩ ብዙ ጊዜ ከወለሉ ሥር ይሰቀላል። እዚያ የራሱ ማራገቢያ የግድ ያስፈልገዋል፤ ከጭስ ማውጫውም መራቅ አለበት፣ ካልተቻለ በመሃል የሙቀት መከላከያ ቆርቆሮ ይግባ።

ውሃው ምንም ካልለወጠና ሁለቱም ግፊት ከፍ ካለ፣ ጋዙ በዝቷል ወይም ሲስተሙ ውስጥ አየር ቀርቷል። ጋዙን በማሽን አስወጥተው በሚዛን እንደገና ይሙሉ።

ኮምፕረሰሩ አይነሳም

የማግኔቱ (ኮምፕረሰሩን፣ ማለትም ጋዙን የሚጨምቀውን ፓምፕ፣ ከቀበቶው ጋር የሚያያይዘው ክላች) ሽቦ ላይ ቮልት ይለኩ። ከባትሪው በ1 ቮልት ወይም ከዚያ በላይ ካነሰ፣ ጥፋቱ የአሮጌው ማብሪያና ሽቦ ነው። የራሱ ፊውዝ ያለው መስመር ከባትሪ በሪሌይ (በትንሽ ኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ) ያምጡለት። ቮልቱ ሙሉ ከሆነ ማሳውን (የማይነሱን ግንኙነት)፣ ከዚያ የማግኔቱን ጥቅል ይለኩ፤ ከ3–4 ኦም አካባቢ ይጠበቃል። ሲቀዘቅዝ ይዞ ሲሞቅ የሚለቅ ከሆነ የማግኔቱ ክፍተት ሰፍቷል፤ ትክክለኛው በብዙዎቹ 0.4–0.8 ሚሊሜትር ነው።

ቮልት ጨርሶ ካልደረሰ የግፊት ስዊቹ ቆርጦት ሊሆን ይችላል። ስዊቹን በሽቦ አገናኝቶ ማሠራት ግን ኮምፕረሰር መግደል ነው፤ ዘይቱን የሚያዞርለት ጋዙ ነውና።

በርዶ በርዶ ይተዋል

የሚነፍሰው አየር ራሱ ከደከመ ኢቫፖሬተሩ (አየሩን የሚያቀዘቅዘው ክፍል) በረዶ ሠርቷል። የቴርሞስታቱ ጫፍ በኢቫፖሬተሩ ክንፎች መካከል ጠልቆ መግባት አለበት፤ በችኮላ ሲገጠም ውጭ ተንጠልጥሎ ይቀራል።

አየሩ ሳይደክም ዝቅተኛው ግፊት ወደ ዜሮ ከወረደ፣ ኤክስፓንሽን ቫልቩ (ጋዙን ወደ ኢቫፖሬተሩ እየመጠነ የሚያስገባው ጠባብ ቀዳዳ) ላይ እርጥበት እየረጋ ነው። ጋዙ ይውጣ፣ እርጥበት የሚመጠው ድራየር ይቀየር (ክዳኑ የሚከፈተው መጨረሻ ላይ ነው)፣ 45 ደቂቃ በፓምፕ አየሩ ተመጥጦ ቫኪዩም ይደረግ። ፓምፑን ዘግተው 30 ደቂቃ ይጠብቁ፤ መርፌው ከተነሳ የሚያፈስ ቦታ አለ።

ሁለቱም ግፊት ዝቅ ብሏል

ጋዝ አፍስሷል። የዘይት ወዝ ያለበትን መገጣጠሚያ በሳሙና አረፋ ይፈትሹ። ዘይት ሳይቀባ የገባ ኦሪንግ (የጎማ ቀለበት) እና ከሻንሲው ጋር የሚፋተግ ቱቦ ቀዳሚ ተጠርጣሪዎች ናቸው። በድሮው ጋዝ በአር12 ይሠራ የነበረ ሲስተም ከሆነ የድሮው ዘይት ታጥቦ ይውጣ፣ ኦሪንጎቹ ለአር134ኤ በሚሆኑ ይተኩ፤ ጋዙም ከድሮው ክብደት ከ80–90 በመቶ ብቻ ይሞላ።

ወለሉ ላይ ውሃ

የኢቫፖሬተሩ ማፍሰሻ ቱቦ ተጣጥፏል ወይም ተዳፋት የለውም። እስከ ወለሉ ሥር ድረስ ቁልቁል ይውረድ።