አዳራሹ ሞላ ማለት ድምፅ ተገኘ ማለት አይደለም፦ በዋሽንግተን ዲሲ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚወዳደሩ ሐበሾች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ዲሲ ታክሲ ነድተን፣ ሱቅ ከፍተን፣ ልጆች አሳድገን የኖርንባት ከተማ ናት። እዚህ «ልወዳደር» የሚል ወገን ሳይ ከልቤ ደስ ይለኛል። ስለዚህም በቀላሉ ሊታረም በሚችል ስህተት ገና ከመነሻው ሲሰናከል ያንገበግበኛል።

በአዳራሽ መጀመር

ብዙዎቻችን የምናውቀው አጀማመር ይሄ ነው። አዳራሽ ይያዛል፣ ፖስተር ይታተማል፣ ምግቡ ይቀርባል። ሽማግሌዎች ይመርቃሉ፣ ጭብጨባው ይደምቃል። ያን ቀን በር ላይ ቆመው ለሚገባው ሁሉ «የት ነው የሚኖሩት?» ቢሉ ግን ነገሩ ይገለጥልዎታል። አንዱ ከሜሪላንዱ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሌላው ከቨርጂኒያው አሌክሳንድሪያ፣ ሦስተኛው ደግሞ ከሌላ የሜሪላንድ ከተማ ነው የመጣው። ወገኖችዎ ናቸው፣ ይወዱዎታል። ዲሲ ውስጥ ግን አንድም ድምፅ የላቸውም።

ድምፅ ያላቸው ፊት ለፊትዎ የሚኖሩት፣ አርባ ዓመት ከዚያ ቤት ያልወጡት ጥቁር አሜሪካዊት እናት ናቸው። ከላይዎ የተከራየው ወጣት ነው። ስማቸውን ያውቁታል? ካላወቁ አዳራሹን ለጊዜው ይተዉት። መጀመሪያ የወረዳዎን ካርታ ያውጡ። ከዚያ ከከተማው የምርጫ ቦርድ የተመዘገቡ መራጮችን ዝርዝር ይጠይቁ። ቀጥሎ ጫማዎን አጥብቀው በር ማንኳኳት ነው።

ትንሿን ወንበር መናቅ

ዲሲ ስምንት ዋርድ፣ ማለትም የምርጫ ክልል፣ አላት። አንዱ ዋርድ በ2020 (በፈረንጅ አቆጣጠር) ቆጠራ ሲሰላ 86 ሺህ ሰው ገደማ ይይዛል። ማንም ሳያውቅዎት ዋርዱን ወክሎ ለከተማው ምክር ቤት (ካውንስል) ለመወዳደር መነሳት ከባድ ሸክም ነው።

ከዚያ በታች ኤኤንሲ የሚባለው የሰፈር አማካሪ ኮሚሽን አለ። አንዱ ኮሚሽነር የሚወክለው ወደ 2,000 ነዋሪ ያላትን አንዲት ትንሽ ቀጠና ነው። የሥራ ዘመኑ ሁለት ዓመት ነው፣ ደሞዝ የለውም። ለመወዳደር 25 የፊርማ ድጋፍ ይበቃል፤ የፊርማውን ወረቀት (ፔቲሽኑን) ከማስገባትዎ በፊት ግን በዚያችው ቀጠና 60 ቀን ሳያቋርጡ መኖር አለብዎት። ሬስቶራንት ያለው ሐበሻ ኤኤንሲ ምን እንደሆነ ደህና አድርጎ ያውቃል። የመጠጥ ፈቃዱን የሚቃወምበት ወይም የሚደግፍለት እሱ ነውና። የከተማው መሥሪያ ቤቶችም የኮሚሽኑን አስተያየት ትልቅ ክብደት ሰጥተው እንዲያዩት ሕግ ያዛል። እኔ ብጠየቅ ጀማሪን ሁሉ የምልከው እዚህ ነው።

ፊርማን እንደ መዋጮ ወረቀት ማየት

ሰው ሁሉ የሚወድቅበት ቦታ ይሄ ነው። የፊርማውን ወረቀት የወዳጅ ሬስቶራንት ባንኮኒ ላይ ትቶ መሄድ። ማታ ሲመለሱ ሞልቶ ያገኙታል፣ ደስ ይላል። ግን አይሠራም። ፊርማ የሚያሰባስበው ሰው እያንዳንዱ ሲፈርም በዓይኑ ማየት አለበት። ማየቱንም በፊርማው ያረጋግጣል። ባላየው ላይ ከፈረመ ዋሸ ማለት ነው።

ወይም ቅዳሜ ጠዋት ጆርጂያ አቬኑ ላይ ወረቀት ይዘው ቆመዋል እንበል። አንድ ጋሼ እንጀራ ይዘው ከሱቅ ይወጣሉ። «ጎበዝ! አምጣ ልፈርም» ይላሉ። ፈርመው ሲጨርሱ እስክሪብቶውን አይመልሱም። «ለባለቤቴም ልፈርምላት፣ እሷ እቤት ናት።» እምቢ ማለት ያሳፍራል፣ አውቃለሁ። ግን እምቢ ይበሉ፤ «ማታ ቤት መጥቼ እሳቸውን ባስፈርምስ?» ይበሏቸው። አድራሻቸውንም እዚያው ይዩት። ሲልቨር ስፕሪንግ ከገቡ ሁለት ዓመት ሆኗቸው ከሆነ የሳቸውም ፊርማ አይቆጠርም። ፈራሚው እዚያው እርስዎ በሚወዳደሩበት ቀጠና የተመዘገበ መራጭ መሆን አለበት።

ፔቲሽኑ ከገባ በኋላ ለተቃውሞ ክፍት ይሆናል። ተፎካካሪዎ አንድ በአንድ ይፈትሸዋል። 25 ከተባለ 50 ይዘው ይግቡ።

በፖስታ የመጣ ብር መቀበል

እኛ ዘንድ የሚረዳ ሰው ብሩን ፖስታ ውስጥ አድርጎ ኪስ ውስጥ ሸጎጥ ያደርጋል። በምርጫ ግን ማን እንደሰጠ፣ ስንት እንደሰጠ መመዝገብ አለበት። ከራስዎ ሒሳብ ጋር አይቀላቅሉት። ለኤኤንሲ አንድ ሰው መስጠት የሚችለው ቢበዛ 25 ዶላር ነው። መቶ የሰጠዎትን አመስግነው ሰባ አምስቱን ይመልሱ።

አዲስ አበባ ያለው ወንድምዎ «ልላክልህ» ቢል አይቀበሉ። የአሜሪካ ዜግነትም ግሪን ካርድም የሌለው ሰው፣ አሜሪካ ቢኖርም እንኳ፣ ለየትኛውም ምርጫ ገንዘብ እንዳይሰጥ የፌዴራል ሕግ ይከለክላል። ግሪን ካርድ ያለው ይችላል። በበጎ አድራጎት ድርጅትነት (501(c)(3)) ከግብር ነፃ ሆነው የተመዘገቡ እድሮች፣ ማኅበራትና ቤተ ክርስቲያኖችም ከካዝናቸው ለተወዳዳሪ ማዋጣት አይፈቀድላቸውም።

የአገር ቤት ፖለቲካን ይዞ መግባት

ይጠየቃሉ፣ አይቀርም። ቁስላችን ነው፣ ዝም በሉ አልልም። ግን ኮሚሽነር የሚወስነው ስለ ፓርኪንግ፣ ስለ አይጥ፣ ስለ ቆሻሻ ገንዳ ነው። በር ከፍተው የሚያናግሩዎት እናት የሚፈልጉትም ይህንን ነው።

ሳያጣሩ ሰው ማስመዝገብ

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ይሄ ነው። አንድ ትጉህ ልጅ ድምፅ ለመጨመር ብሎ ቅፅ ይዞ ይዞራል። አክስቱ ግሪን ካርድ ናቸው፤ እንግሊዝኛው አይገባቸውም፣ ልጁን ያምናሉ፣ ይፈርማሉ። ቅፁ ላይ «የአሜሪካ ዜጋ ነኝ» የሚል አለበት። ዜጋ ሳይሆኑ ያንን መፈረም፣ ይባስ ብሎ በፌዴራል ምርጫ ድምፅ መስጠት፣ ከአገር እስከ መባረር ያደርሳል። ለዜግነት ሲያመለክቱም ተመዝግበው ያውቁ እንደሆነ ይጠየቃሉ።

በ2024 ዜግነት የሌላቸው ነዋሪዎች በዲሲ የአካባቢ ምርጫ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ መስጠታቸው እውነት ነው። እሱ ግን የራሱ ቅፅ አለው። አክስትዎ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳያማክሩ ምንም አይፈርሙ። ይልቅ በነፃ ሊያግዙዎት ይችላሉ። የሕንፃውን ሰው በሙሉ ያውቁታል፤ ቅዳሜ ከቤተ ክርስቲያን መልስ በየበሩ ይዘውዎት ይዙሩ።